የሰው አገር ቢራና የኛ ዘንጋዳ

በሲሪንቃ ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር

ወሎ ላይ ቆሞ ስለ እንግዳ አቀባበል ማስተማር አይቻልም፤ ቡና ጀባ ማለትን ከዚህ ሕዝብ የሚማር እንጂ ለዚህ ሕዝብ የሚያስተምር የለም። ስለዚህ ዛሬ የማነሣው ስለ እንግዳ ሰው ሳይሆን ስለ እንግዳ ምግብና መጠጥ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ ቢራ፣ ከጣሊያን የመጣ ፓስታ፣ ወደ አንድ አገር ገብቶ እንዴት የአገሬው ይሆናል? መቼስ ነው ገብቶም እንግዳ ሆኖ የሚቀረው?

ነገሬን በሦስት ከፍዬ አቀርባለሁ። መጀመሪያ አሜሪካኖች የጀርመንን ቢራ እንዴት የራሳቸው እንዳደረጉት እናገራለሁ። ቀጥሎ እኛ ያንኑ ቢራና የጣሊያኑን ምግብ እንዴት እንደተቀበልን እናያለን። በመጨረሻ ወደዚሁ ሀብሩ ውስጥ ወዳለው ወደ ሲሪንቃ፣ ወደ ማሽላውና ወደ ወገኑ ወደ ዘንጋዳው እመለሳለሁ። ዓ.ም. ያላልሁበት ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን ያዙልኝ። አሳቤ ባጭሩ ይህ ነው፤ አንድ ሕዝብ የባዕድን ምግብ የራሱ የሚያደርገው በገዛ ማዕዱ ሥርዓት ሲያስገባውና በገዛ እህሉ ሲሠራው ነው። እኛ የመጀመሪያውን አሳምረን ሠርተናል። ሁለተኛው ግን ቀርቶናል።

ወደ አሜሪካ እንሻገር። ዛሬ አሜሪካ ያለ ቢራ አትታሰብም፤ ነገር ግን እስከ 19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ድረስ እዚያ አገር የሚጠጣው የእንግሊዝ ዓይነት ጠቆር ያለ ቢራ፣ ውስኪና የፖም ጠጅ ነበር። በቀዝቃዛ ጓዳ ለሳምንታትና ለወራት ተቀምጦ የሚጠራው ላገር የሚባለው ቢራ የገባው በ1840 ገደማ ነው፤ ጆን ዋግነር የተባለ የባቫርያ ሰው እርሾውን ይዞ ፊላደልፊያ ደረሰ ይባላል። ከዚያ በኋላ ጀርመኖች በብዙ ሺህ ተሰደው ሲመጡ ከቢራው ጋር የአጠጣጡም ወግ አብሮ መጣ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባት፣ እናትና ልጆች አንድ ላይ ሆነው ዛፍ ጥላ ሥር ባለ የቢራ አትክልት ቦታ ይቀመጣሉ፤ ይዘፍናሉ፤ ይበላሉ።

ይህ ወግ ለነባሩ አሜሪካዊ ነውር ነበር። ሰንበትን ያረክሳል አሉ። በ1855 የቺካጎ ከንቲባ የነበረው ሌቪ ቡን የመጠጥ ቤት ፈቃድ ክፍያን ከ50 ዶላር ወደ 300 ዶላር ሰቀለው፤ እሑድ እሑድም መጠጥ ቤት ይዘጋ አለ። ጀርመኖቹ አደባባይ ወጡ፤ በሚያዝያ ወር ከፖሊስ ጋር ተጋጩ፤ ሰው ሞተ። ቺካጎዎች ያን ቀን እስከ ዛሬ የላገር ቢራ ሁከት እያሉ ያስታውሱታል። ይህን ታሪክ የማነሣው የባዕድ ምግብ በየትም አገር በደስታ ብቻ እንደማይገባ ለማሳየት ነው። አሜሪካኖች ዛሬ የሚኮሩበትን መጠጥ አያቶቻቸው በዱላ ሊያስወጡት ሞክረዋል።

ቢራው አሜሪካዊ የሆነው ግን ጀርመኖቹ በክርክሩ ስለረቱ ብቻ አይደለም፤ ነገሩ እህል ላይ ነበር። ያኔ አሜሪካ ውስጥ በብዛት ይበቅል የነበረው ባለ ስድስት ረድፍ ገብስ ነው። ይህ ገብስ ፕሮቲኑ ስለሚበዛ ቢራው ሲቀዘቅዝ ይደፈርሳል፤ አፍ ላይም ይከብዳል። ጠማቂዎቹ የባቫርያን ገብስ ከባሕር ማዶ እየጫኑ ከመኖር ይልቅ በደጃቸው ያለውን ተመለከቱ። በደጃቸው በቆሎና ሩዝ ነበር። ሁለቱም ፕሮቲናቸው ትንሽ፣ ስታርቻቸው ብዙ ነው። እነሱን ለየብቻ ቀቅለው ከገብሱ ብቅል ጋር ሲቀላቅሉት ፈዘዝ ያለ ወርቃማ፣ የጠራ፣ ለበጋ ሙቀት የሚመች ቢራ ወጣላቸው። በ1876 ሴንት ሉዊስ ላይ መጠመቅ የጀመረው ባድዋይዘር ስሙ ከቦሄሚያ ከተማ ቢሆንም ሆዱ ውስጥ ያለው ሩዝ ነው። በባቫርያ ከ1516 ጀምሮ ቢራ ከገብስ፣ ከውኃና ሆፕስ ከሚባለው መራራ አበባ በቀር ምንም አይግባበት የሚል ሕግ ነበር፤ አሜሪካኖች ያንን ሕግ ተዉትና መጠጡን ወሰዱት። እኔ ይህን እንደ ድፍረት ሳይሆን እንደ ትልቅ ማስተዋል አየዋለሁ።

ከ1920 እስከ 1933 አሜሪካ አልኮልን በሕገ መንግሥቷ ከለከለች። ከክልከላው በፊት ከሺህ የሚበልጡ ጠማቂዎች ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ ትልልቆቹ ትንንሾቹን እየዋጡ ሄዱና በ1970ዎቹ መጨረሻ የቀሩት ከመቶ ያነሱ ነበሩ። ቢራው በሙሉ አንድ ዓይነት ሆነ። የተለወጠው በ1978 ነው። ፕሬዚዳንት ካርተር ሰው በቤቱ ለራሱ ቢራ እንዲጠምቅ የሚፈቅድ ሕግ ፈረሙ። በየጓዳው ሲሞክሩ የነበሩ ሰዎች ወደ ትንንሽ ጠመቃ ቤት አደጉ፤ የቤልጂየሙን፣ የእንግሊዙን፣ የቼኩን አጠማመቅ እያጠኑ በየመንደራቸው እህልና ፍሬ ሠሩት። ዛሬ ቁጥራቸው ከ9,000 በላይ ነው። ጓዳ ውስጥ የሚጠምቅን ሰው ማክበር ምን እንደሚያስገኝ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም።

በምግቡም ይኸው ነው። ፒዛ በናፖሊ ስደተኞች እጅ ኒውዮርክ ገባ፤ ዛሬ አሜሪካዊ ሁሉ ይበላዋል። የኛ እንጀራም ዋሽንግተን ከደረሰ ዐርባ ዓመት አልፎታል፤ አሜሪካኖች ከአንድ ትሪ በእጅ መብላትና መጎራረስ ተምረዋል። ጤፉስ? በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራ ዌይን ካርልሰን የተባለ ሰው በ1980ዎቹ መጀመሪያ አይዳሆ በሚባለው ግዛት ዘርቶ አበቀለው። እንጀራን በሚገባ የተቀበሉት፣ ጤፍን በመሬታቸው ላይ ሲዘሩት ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክፍል ልለፍ፤ ወደ ራሳችን።

የመጀመሪያው የአገራችን የቢራ ፋብሪካ ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1922 አዲስ አበባ ላይ ተቋቋመ። በዚያን ጊዜ ጠጅ የመኳንንት፣ ጠላ የሁሉም ነበር፤ ቢራ ደግሞ የፈረንጅና የከተሜ ሆኖ ገባ። ረጅም ዘመን እንዲሁ ቆየ። መታ በ1960ዎቹ፣ ሐረር በ1984፣ በደሌ በ1993 ተጨመሩ፤ ዳሽን በ2000 ጎንደር ላይ ተከፈተ፤ የኛው ኮምቦልቻም ፋብሪካ ተተከለላት፤ ማይጨው ላይ ራያ ቢራ ተነሣ። ፈረንሳዮቹ ጊዮርጊስን፣ ሆላንዶቹ በደሌንና ሐረርን ገዙ። ያኔ ቢራ ከከተማ ሆቴል ወጥቶ ገጠር ሰርግ ዳስ ውስጥ ገባ።

እንዴት ተቀበልነው? ፈረንጅ አገር ብዙ ጊዜ ሁሉም የጠጣውን ራሱ ይከፍላል። እኛ ቢራውን ወደ ግብዣ ሥርዓታችን አስገባነው፤ ጋባዥ አለ፤ ተጋባዥ አለ፤ ጃምቦው ሳያልቅ ሌላ ይታዘዛል፤ እንግዳ ሒሳብ ከከፈለ ቅሬታ ነው። ቢራ ብቻውን አይቀርብም፤ ጥብስ ወይም ቁርጥ ይከተለዋል። ሰርግ ቤት ሳጥኑ በዳሱ ማዕዘን ተደርድሮ ልክ እንደ ጋኑ በአስተናጋጅ እጅ ይታደላል። ይህ ሁሉ የጠላ ወግ ነው፤ ቢራውን ወርሶታል።

የጣሊያኑ ምግብ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ያስደንቀኛል። ጣሊያን በጦር መጥቶ በአምስት ዓመት ተባረረ፤ ፓስታው ቀረ። ቀርቶም ባለበት አልቆመም። ስጎው በርበሬና ነጭ ሽንኩርት በዛበት። በየመንገዱ ምግብ ቤት ፓስታ በእንጀራ ይቀርባል፤ ሮም ላይ እንዲህ ያለ ነገር ቢታይ ጉድ ይባላል። ረቡዕና ዓርብ፣ በሁዳዴም ሃምሳ አምስት ቀን፣ ፓስታው በአትክልት ይሆናል፤ አዲስ አበባ ላይ አይብ የሌለው የጾም ፒዛ እንደ ልብ ይገኛል። አይብ የሌለውን ፒዛ እንዲህ ያበዛው የጾም ሥርዓታችን ነው። በወልድያና በመርሳ ደግሞ የክርስቲያን ሥጋ ቤትና የሙስሊም ሥጋ ቤት ጎን ለጎን አሉ፤ የሥጋ ነገር ያለበት የባዕድ ምግብ ሁሉ ከነዚህ ከሁለቱ በሮች በአንዱ ማለፍ አለበት። ማንም ባለሀብት በማስታወቂያ ብዛት ይህን አይሽረውም። ስለዚህ ባህላችን በፈረንጅ ምግብ ተወረረ የሚሉ ሰዎችን አላምናቸውም፤ ማዕዱን የሚያዝዘው አሁንም የአገሬው ሥርዓት ነው።

ይሁን እንጂ ጠርሙሱን ከፍተን እህሉን እንይ። ቢራችን የሚጠመቀው በገብስ ብቅል ነው። ገብሱ ከአርሲና ከባሌ ደጋ ይመጣል፤ የአሰላ ብቅል ፋብሪካ በደርግ ዘመን የተቋቋመው ለዚሁ ነው፤ በቅርብ ዓመታትም በደብረ ብርሃንና በአዲስ አበባ ትልልቅ የብቅል ፋብሪካዎች ተጨምረዋል። ሆኖም ብቅል ለዘመናት በዶላር ሲገዛ ኖሯል፤ ሆፕሱ አሁንም ከውጭ ነው። የኮምቦልቻው ፋብሪካ በኛው ወሎ መሬት ላይ ይጠምቃል፤ የሀብሩ ገበሬ ማሽላና ጤፍ ግን በዚያ ጋን ውስጥ የለም። ገበሬው በዚህ ንግድ ውስጥ ገዢ ብቻ ነው። ማሽላውን ሸጦ ቢራ ይገዛል።

ከዚህ ጋር የመጣው ሸክም የወደቀው በጠላ ጠማቂዋ ላይ ነው። ድግስ በቢራ ሲተካ የብዙ እናቶች የእጅ ገቢ ቀነሰ። እኔ ቢራ የገዛውን ደጋሽ አልወቅሰውም። ጠላ ብዙ እንጨት፣ ብዙ ውኃ፣ የሴት ልጅ ወገብ ይፈልጋል፤ ለሁለት መቶ ሰው ጠላ መጥመቅ የሳምንታት ድካም ነው። ድካሙ ስለቀረላቸው የሚደሰቱ እናቶች እውነት አላቸው። ከድካሙ ጋር እውቀቱ አብሮ እንዳይቀር ነው የምፈራው።

ሦስተኛው ክፍል እዚህ ላይ ይጀምራል፤ እውቀቱን ቀረብ ብለን እንየው።

ጠማቂዋ ገብሱን ዘፍዝፋ በጉሎ ቅጠል ሸፍና ታበቅለዋለች፤ ጎንቁሎ ሥር ሲያወጣ ፀሐይ ላይ አድርቃ ታስፈጨዋለች፤ ብቅል ይህ ነው። ጋኑን አጥባ በወይራ ጭስ ታጥነዋለች። የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል ከውኃና ከጥቂት ብቅል ጋር ትጠነስሳለች። ዘንጋዳውን ወይም ማሽላውን አስፈጭታ፣ በውኃ ለውሳ፣ ምጣድ ላይ እያመሰች እንኩሮ ታደርገዋለች፤ ሲቀዘቅዝ ከቀረው ብቅልና ከጥንስሱ ጋር ትደፈድፈዋለች። ቀናት ካለፉ በኋላ ውኃ ሞልታ አፉን ትከድነዋለች።

አሁን የቢራ ሳይንስ ስለ ማሽላ ምን እንደሚል ስሙ። የማሽላ ስታርች የሚላላው ከገብሱ ስታርች ከፍ ባለ ሙቀት ነው። በዚያ ሙቀት ደግሞ ብቅሉ ውስጥ ያለው፣ ስታርችን ወደ ስኳር የሚለውጠው ኢንዛይም ይሞታል። ስለዚህ ማሽላን እንደ ገብስ አንድ ላይ አሙቆ መጥመቅ አይሆንም፤ ማሽላው ለብቻው አስቀድሞ መብሰል፣ ከዚያ ቀዝቅዞ ብቅል መጨመር አለበት። አሜሪካኖች በቆሎውንና ሩዙን ለየብቻ የሚቀቅሉት ለዚሁ ነው። እናቶቻችን ዘንጋዳውን ምጣድ ላይ አብስለው፣ አቀዝቅዘው፣ ብቅሉን በኋላ የሚጨምሩት ለምን እንደሆነ አሁን ገባችሁ? ቀይ ዘንጋዳ የሚጎመዝዝ ታኒን አለበት፤ ወፍ የማይደፍረው በዚህ ነው፤ ይኸው ታኒን ግን የብቅልን ኃይል ያዳክማል። የብቅሉ ሥራ ብዙ ጊዜ ለገብስ የተሰጠውም ያለ ምክንያት አይደለም። ጌሾም ሆፕስ የሚሠራውን ይሠራል፤ መራራነት ይሰጣል፤ ከመበላሸትም ይጠብቃል። ይህን ሁሉ ላቦራቶሪ ያልገቡ ሴቶች ከትውልድ ወደ ትውልድ አስተላለፉት። ከልቤ የማከብረው ሳይንስ ነው።

ሌሎች አፍሪካውያን በማሽላ ምን እንደሠሩ ልንገራችሁ። በ1988 የናይጄሪያ መንግሥት የገብስ ብቅል ከውጭ እንዳይገባ ከለከለ። የቢራ ፋብሪካዎቹም ወደ ማሽላና በቆሎ ዞሩ። ክልከላው ከተነሣ በኋላም ማሽላው አልቀረም፤ የአየርላንዱ ጊነስ እንኳ ናይጄሪያ ውስጥ በማሽላ ተሠርቷል። በኡጋንዳ ደግሞ ሰሬሬ ከሚባለው የምርምር ጣቢያ ኤፑሪፑር የተባለ የማሽላ ዝርያ ወጥቶ ነበር፤ በ2002 አንድ የቢራ ፋብሪካ በዚህ ዝርያ ኢግል ላገርን ጠመቀ፤ መንግሥት የኤክሳይስ ታክሱን ዝቅ አደረገለት፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ገበሬዎች ለፋብሪካው ማሽላ አቀረቡ። ሰሬሬ የምርምር ጣቢያ ነው። ሲሪንቃም የምርምር ጣቢያ አለው።

የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ለዚህ አካባቢ የሠራውን ገበሬው ያውቀዋል። አቀንጭራ የሚባለው ጥገኛ አረም ማሳ ሲበላ ያየ ሰው ጎብዬና አብሽር የተባሉትን ዝርያዎች ዋጋ ይረዳል፤ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ የወገናችን ልጅ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉበት ሥራ ነው። ግራና አንድ የስሙን መነሻ ከዚሁ ከሀብሩ ያገኘ ዝርያ ነው። እነዚህ ሁሉ የተመረጡት ድርቅን በመቋቋም፣ ቶሎ በመድረስ፣ በምርት ብዛትና በእንጀራ ጥራት ነው፤ ትክክልም ነው። ጠላ የሚያወጣ፣ ብቅል የሚቀበል ዝርያም እንደዚሁ ተመርጦ፣ ተመዝኖ፣ ስም ተሰጥቶት እንዲወጣ እመኛለሁ።

ሁለት ተቃውሞዎች እንደሚነሡ አውቃለሁ፤ ሁለቱም ከባድ ናቸው። አንደኛው፣ ወሎ የ1966ንና የ1977 ዓ.ም.ን ረኃብ አይቷል፤ እህል ለመጠጥ ይዋል ማለት እዚህ አገር ቀላል ቃል አይደለም። እውነት ነው። ለእንጀራ የሚሆነው ነጭ ማሽላ ወደ ፋብሪካ ይሂድ አልልም። ዘንጋዳ ግን ዱሮም ለጠላ የሚዘራ፣ ወፍ ባለበት ማሳ ላይ የሚቆም ነው፤ አተላውም ለከብት ይሆናል። ገበያ ያለው እህል ማሳ አያጣም፤ ገበያ ያጣ ዘር ግን ከጎተራ ይጠፋል።

ሁለተኛው፣ ከመካከላችን ብዙዎቹ በሃይማኖታቸው አልኮል አይጠጡም፤ የሚጠጡትም ቢሆኑ ስካር ስንት ቤት እንዳፈረሰ ያውቃሉ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዓ.ም. የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ያወጣው፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው እንዳይሸጥ ያዘዘው በዚህ ምክንያት ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ደግሞ ብቅል የግድ አልኮል አይደለም። የሙስሊም ሰርግ ላይ የሚቀዳው ቀሪቦ ከገብስ ይሠራል፤ አያሰክርም። ሐረር ሶፊ የተባለው ከአልኮል ነጻ የማልት መጠጥ ከቢራ ፋብሪካ ወጥቶ የማይጠጡትን ወገኖች አፍ ያረጠበ ነው። በማሽላ ብቅል የተሠራ፣ ጠርሙስ ውስጥ የገባ የወሎ ቀሪቦ ቢኖር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ዳስ ይጋራዋል።

ልጨርስ። ከናንተ የምለምነው ብዙ አይደለም። የዘንጋዳ ዘር በጎተራችሁ ያለ አባቶች፣ ለክፉ ቀን እንደምታኖሩት ሁሉ ለዘርም አኑሩልን፤ ለማዕከሉም አካፍሉት። የምርምር ባለሙያዎች፣ በሚቀጥለው የመስክ ቀን ዝርያ ስታስመርጡ ለእንጀራ የሚመርጡትን እናቶች እንደምትጠሩ ሁሉ ጠማቂ እናቶችንም ጥሩ፤ ፍሬውን በእጃቸው አፍሰው ይዩት፤ እንኩሮውን ያብስሉት፤ የሚሉትንም በስማቸው መዝግቡ። የኮምቦልቻ ጠማቂዎች፣ የሀብሩ ማሽላ ከደጃችሁ ነው፤ አንድ ጋን ሞክሩበት።